ሐያት ትሰማለች? ከደሴ ሚኒያፖሊስ ደርሶ መልስ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ ደሴ ውስጥ ያገኘኝ ሁሉ "ምን አየህ?" ይለኛል። የመምህራን ክፍል ውስጥ ሻይ ይዘው ይከቡኝና ስለ ፎቁና ስለ መንገዱ እንዳወራላቸው ይጠብቃሉ። እውነቱን ለመናገር ያየሁት ጥቂት ነው፤ አንድ የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ የሕፃናት ምርመራ ክፍልና አንድ በር። ከተማውን ያለፍኩት በመኪና መስኮት ነው። ቢሆንም ወደዚያ የመሄድ ዕድል የማይገጥማቸው፣ እንደኔ ዓይነት ልጅ ያላቸው ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁና የሁለቱን ሳምንት ነገር እንደሆነው እጽፈዋለሁ። የሚያሳፍረኝንም ጭምር።

ጊዜው በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ኅዳር ውስጥ ነው። ልጄ ሐያት አምስት ዓመት ከመንፈቋ ነበር። አትናገርም፤ ስሟ ሲጠራ አትዞርም፤ ሰው ፊት አታይም። አዲስ አበባ ያሳየናት ሐኪም ከኋላዋ ሁለት ጊዜ አጨብጭቦ "መስማት የተሳናት" ብሎ ጻፈልን። በዚያ ወረቀት መስማት ለተሳናቸው ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ቦታ ተያዘላት፤ ከጥር ጀምሮ አዲስ አበባ ልትቀር ነው። ባለቤቴ ሰዓዳ ወረቀቱን አይታ መለሰችልኝ። "ትሰማለች። የብስኩት ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ከጓዳ ድረስ ትመጣለች" አለች። እኔ ግን ወረቀቱን ወድጄው ነበር። አለመስማት ስም አለው፣ ትምህርት ቤት አለው፣ ለሰው ሲነገርም ቀላል ነው። አሥራ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ትክክለኛ መልስ ያለው ጥያቄ ደስ ይለኛል።

በሁለታችን ክርክር መሀል የገባው ከማል ነው። ከማል አብሮ አደጌ ነው፤ በሱዳን በኩል ወጥቶ ሚኒያፖሊስ ታክሲ ይነዳል። ታክሲው ውስጥ ያሳፈራትን አንዲት ነርስ አዋይቶ፣ በእሷ በኩል ከሚኒያፖሊስ ጎን ባለችው ሴንት ፖል ከተማ ካለ የሕፃናት ክሊኒክ ያለ ክፍያ ቀጠሮ አገኘልን። ኤምባሲው ለእኔና ለሐያት ቪዛ ሲሰጥ ሰዓዳን ከለከላት። ሻንጣ ስታዘጋጅ "ስለ ሕፃንነቷ ይጠይቁሃል፤ ና ተቀመጥና ልንገርህ፣ ጻፈው" አለችኝ። "አባቷ አይደለሁም እንዴ? አውቀዋለሁ" አልኳት። ይህችን መልስ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ የመጣው ሁሉ የመጣው ከዚህች መልስ ነው።

ቅዳሜ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ከደሴ በአውቶቡስ ተነሣን። ደብረ ሲና ዳገት ላይ ሐያት መስኮቱን በጥፍሯ እየቧጠጠች ስታቃስት፣ አጠገባችን የተቀመጡ አዛውንት ጋቢያቸውን አውልቀው ሸፈኗት፤ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ጋቢው ውስጥ ተደብቃ ሄደች። አዛውንቱ ስንወርድ ጋቢያቸውን አልጠየቁም። ተከትዬ ብሰጣቸው "ይበርድሻል ልጄ፣ ይዘሽ ሂጂ" አሏት እኔን ትተው።

እሑድ ማታ አውሮፕላን ተሳፈርን። አምስተርዳም እስክንደርስ ተኛች። ከአምስተርዳም ወደ ሚኒያፖሊስ ስንሄድ ሽንት ቤት ወሰድኳትና ውሃውን ስለቅቀው የሽንት ቤቱ መምጠጫ ጮኸ። ሐያት ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ደፍና ወለሉ ላይ ወደቀች። መንገደኛው ሁሉ እስኪነሣ ጮኸች። አንዲት አስተናጋጅ መጥታ መጨረሻው ወንበር ላይ ብርድ ልብስ አነጠፈችልንና ሌላውን ሰው ራቅ አድርጋ አስቀመጠችልን። ጆሮዋን መድፈኗን አይቻለሁ። የማይሰማ ሰው ጆሮውን አይደፍንም። ነገር ግን አዳሪ ትምህርት ቤቱን በልቤ ጨርሼው ስለነበር "ደንግጣ ነው" ብዬ አለፍኩት።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሚኒያፖሊስ ደረስን። የደሴ ልጅ ነኝ፣ ብርድ ምን ያደርገኛል ብዬ በቀጭን ካፖርት ነበር የሄድኩት። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር እስከ ከማል መኪና ባለው ሃያ እርምጃ ጢሜ ውስጥ ያለው እርጥበት በረዶ ሆነ። ከማል ሳቀብኝ። "ገና ዊንተር እኮ አልገባም" አለ። ከተማው ሜዳ ነው። እኛ ደሴ ስንጠፋ ቀና ብለን የጦሳን ተራራ አይተን ቤታችንን እናገኛለን፤ እዚያ ቀና ብል ሰማይ ብቻ ነው፤ እስክመለስ ድረስ ምሥራቅና ምዕራቡን አላወቅኩም።

ከማል የሚኖረው ፊሊፕስ በሚባለው ሰፈር፣ ከሌክ ስትሪት ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ነው። ባለቤቱ ረሒማ የወሎ ልጅ ናት፤ ሮቢንስዴል በሚባል ቦታ አንድ የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ትሠራለች። ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው በአማርኛ ሲጠየቁ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። በእኔ ክፍል ውስጥ ይህን ያደረገ ተማሪ አልነበረኝም፤ ቀናሁ። መኝታ ክፍላቸውን ለእኛ ለቀው እነሱ ሳሎን አደሩ። እንቢ ብል ከማል "ዝም በል ሁሴን፣ እንግዳ ነህ" አለኝ፤ በዚያ ተዘጋ።

ማክሰኞ ዕረፍት ነበር። የሳሎኑ ግድግዳ ላይ በመስጊድ ቅርጽ የተሠራ የፕላስቲክ ሰዓት ተሰቅሏል፤ ለአምስቱ ሶላት በየጊዜያቸው አዛን ይላል። ድምፁ እንደ ተጠመጠመ ካሴት ነው። "የቆርቆሮ ሙአዚን" ብዬ ስቀልድ አዛኑ ጮኸ፤ አሱር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት ነበር። ሐያት ከሶፋው ሥር ወጣች። በር አጠገብ ካለው የጫማ መደርደሪያ የረሒማን ነጠላ ጫማ ለይታ አወጣች፤ ደፉ ላይ አስቀመጠችው፤ አፍንጫውን ወደ ውስጥ አድርጋ፣ ሁለቱን አስተካክላ። ረሒማ ወደ ሥራ መውጫዋ ነበርና ሳታስበው ጫማውን አንሥታ ወደ መደርደሪያው መለሰችው። ሐያት ግንባሯን ከበሩ ጋር እያጋጨች አንድ ሰዓት ሙሉ ጮኸች። ጎረቤት በሩን አንኳኳ። እኔ እጇን ይዤ ቆጣሁ፣ ቀጥዬም አቀፍኳት፤ ሁለቱም አልሠራም።

ረቡዕ ጠዋት ሴንት ፖል ሄድን። በታካሚዎች መጠበቂያ ክፍል አንዲት ሐበሻ ሴት ተነሥታ ሰላም አለችኝ። ወይዘሮ ጽጌ ትባላለች፤ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ክሊኒኩ ያስመጣት አስተርጓሚ። "ኢንተርፕሪት የማደርገው እኔ ነኝ፤ አብሬዎት እገባለሁ" አለችኝ። እንግሊዝኛ አስተማሪ መሆኔን ነገርኳትና አመስግኜ አሰናበትኳት። ቦርሳዋን አነሣች፤ ሆኖም ወዲያው አልሄደችም።

"ጥያቄዎቹ ስለ ሕፃንነቷ ናቸው" አለችኝ። "አባቶች ብዙ ጊዜ ይቸገራሉ። እናቷ ቢደወልላትስ?"

"አያስፈልግም" አልኳት።

ዶክተሯ ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ የሸበተ፣ ረጅም፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ጉልበቷ ላይ ወፍራም መጠይቅ ዘረጋች። ሐያት መቼ ተቀመጠች? መቼ ዳኸች? የመጀመሪያ ቃሏ ምን ነበር? የፈለገችውን ነገር በጣቷ ትጠቁም ነበር? በአንደኛው ጥያቄ ላይ አላውቅም ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን "በአምስት ወሯ" አለ። አንዴ ካሉ በኋላ ሁለተኛው ይቀልላል። እኛ ቤት ሕፃን የእናትና የሴት ዘመድ ነው፤ አባት ከትምህርት ቤት ገብቶ ጋዜጣውን ይዘረጋል። የማላውቀውን የልጄን ሕፃንነት፣ ባልደረቦቼ በሻይ ሰዓት ስለ ልጆቻቸው ከሚያወሩት ለቃቅሜ ሠራሁት። በአሥራ አንድ ወሯ ተራመደች አልኩ። በሁለት ዓመቷ "አባ፣ ውሃ" ትል ነበር አልኩ። ትኩሳት ይዟት እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ "በሦስት ዓመቷ ኃይለኛ ትኩሳት ያዛት፣ ከዚያ ወዲህ ንግግሯ ጠፋ" አልኩ። ከትኩሳት በኋላ ጆሮ ይጠፋል ሲባል ሰምቻለሁና ነገሩን ወደዚያ መራሁት። ዶክተሯ ሁሉንም ጻፈች። ሰዋስዌ እንከን አልነበረውም።

ከሰዓት ቤት ስንደርስ አዛኑ ጮኸ፤ ሐያት ጫማውን አወጣች። ረሒማ በዚያ ቀን ጫማውን ዘላ በቦቲ ጫማዋ ወጣች። "ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ለሷ ግን ቁም ነገር ነው፣ ይቀመጥላት" አለች። ማታ ከሥራ ስትመለስ ቦቲውን በር ላይ አውልቃ እግሯን ያንን ነጠላ ጫማ ውስጥ ከተተች። ሐያት ተኝታ ነበር።

ሐሙስ ጆሮዋ ተመረመረ። በእንቅልፍ መድኃኒት አስተኝተው ራሷ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው፣ ድምፅ ሲገባ አንጎሏ ይመልስ እንደሆነ በመሣሪያ አዩ። አርብ ውጤቱን ልንሰማ ሄድን። ዶክተሯ ጆሮዋ ፍጹም ጤነኛ ነው አለች። ሰዓዳ ትክክል ነበረች። ደስ ሊለኝ ሲገባ አልተደሰትኩም። ዶክተሯ ወንበሯን ወደኔ አስጠግታ ያስጨነቃትን ነገረችኝ። በደንብ ስትናገር የነበረች ልጅ በሦስት ዓመቷ ከትኩሳት በኋላ ንግግሯን ሙሉ በሙሉ ካጣች፣ አንጎሏን የሚጎዳ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ በሽታው ዛሬም እየሠራ ከሆነ ጊዜ የለንም። ሰኞ ጠዋት በሰመመን ተኝታ ከጀርባ አጥንቷ መሀል ፈሳሽ በመርፌ ሊወሰድላት፣ ራሷም በመሣሪያ ፎቶ ሊነሣ ነው። ዶክተሯ የደከመችው እኔ ለፈጠርኳት ልጅ ነበር። ይህን እያወቅኩ "እሺ" ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜን እንዴት እንዳሳለፍኩት ለመጻፍ ይከብደኛል። ከማል ታክሲውን አቁሞ ሌክ ስትሪትን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። የሜክሲኮ ዳቦ ቤት፣ ያገለገለ ጎማ የሚሸጥበት፣ ከተዘጋ የቆየ ተራራ የሚያህል የመደብር ሕንፃ። ሰዎቹ በመኪና ውስጥ ሆነው ያልፋሉ፤ እንደኛ ፒያሳ ቆሞ የሚያወራ የለም። ከማል ያሳየኛል፣ እኔ መርፌውን አያለሁ። ቤት ስንመለስ ጎረቤት ያለች አንዲት የአዲስ አበባ ክርስቲያን የጾም በያይነቱ ልካልናለች፤ ለበሽተኛዋ ልጅ ተብሎ። ሐያት ነጩን ሩዝ ብቻ ለቅማ በላች።

እሑድ በረዶ ጣለ። ሐያት መስኮቱ ላይ ቆማ እጆቿን እያርገበገበች ሳቀች፤ ሳቋን ከሰማሁ ወራት ሆኖኝ ነበር። ረሒማ ልብስ እያጣጠፈች "ሰዓዳ ስለ መርፌው ምን አለች?" ብላ ጠየቀችኝ። አልደወልኩላትም አልኩ። "ታዲያ ትኩሳቱ በሦስት ዓመቷ ነው ያለህ ማነው?" አለችኝ። እንደ ዋዛ ነበር የጠየቀችኝ። ወደ በረዶው ዞርኩ፤ ረሒማም ልብሷን ማጣጠፏን ቀጠለች።

ሰኞ ጠዋት ሐያት ከኋላ የሚታሰር የሕመምተኛ ቀሚስ ለብሳ አልጋው ላይ የወረቀት ኩባያዎች ትደረድራለች። ነርሷ ጀርባዋ ላይ የሚያደነዝዝ ቅባት ቀብታለች። ዶክተሯ ፎርም ሰጠችኝ፤ መጨረሻው ላይ "የሰጠሁት መረጃ እውነት ነው" የሚል መስመር አለ፤ ከሥሩ ፊርማ። ተማሪ ሲኮርጅ ስይዝ የምለው ነገር ትዝ አለኝ። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

"አላውቅም" አልኳት።

"የቱን?"

"ሁሉንም። የነገርኩሽን ሁሉ ፈጥሬ ነው።"

ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ፎርሙን ወሰደች፣ ነርሷን ቅባቱን እንድትጠርግ ነገረቻት፣ ከዚያ "የሚያውቀው ማነው?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ የነበረው ሩጫ ነው። እዚያ ጠዋት ሦስት ሰዓት ደሴ አመሻሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ቤታችን ስልክ የለም፤ የጎረቤታችን የጋሽ ይማም ሱቅ ግን አለ። ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ በሦስተኛው ጋሽ ይማም ራሳቸው ሄደው ሰዓዳን ጠሯት። ወይዘሮ ጽጌም ከሌላ ቀጠሮ ተጠርታ መጣች። ይቅርታ ልጠይቃት ስል "ይደርሳል፤ አሁን ይቀመጡ" አለችኝ። ዶክተሯ እንዳላስተረጉም፣ እንዳዳምጥ ብቻ ለመነችኝ።

የሰዓዳ ድምፅ ከስልኩ ማጉያ ሲወጣ ሐያት ኩባያዎቿን ትታ መጣች። ማንንም ሳታይ ጉንጯን ስልኩ ላይ አስተኛች። እስከ መጨረሻው ከዚያ አልተነሣችም።

ሰዓዳ ሳታመነታ መለሰች። ሐያት የተራመደችው በዓመት ከስምንት ወሯ ነው። ትኩሳቱ የያዛት ገና ዓመት ሳይሞላት ነው፤ በሦስተኛው ቀን ለቀቃት። ስታነሣት እጇን ዘርግታላት አታውቅም። በጣቷ ጠቁማ አታውቅም፤ ውሃ ስትፈልግ የእናቷን እጅ አንጓው ላይ ይዛ ወስዳ እንስራው ላይ ታስቀምጠዋለች። ከጎረቤት ልጆች ጋር አትጫወትም፤ የጠርሙስ ቆርኪ ስትደረድር ትውላለች። ጠፋ የተባለው ንግግር መጀመሪያውኑ አልነበረም። ወይዘሮ ጽጌ እየተረጎመች፣ ዶክተሯ የድሮውን እየሰረዘች፣ እኔ ልጄን አሁን እያወቅኳት አንድ ሰዓት አለፈ።

"አባ ብላ አታውቅም?" ብላ ጠየቀች ዶክተሯ፤ ያን እኔ ነበርኩ የነገርኳት።

"አላለችም" አለች ሰዓዳ። "ግን ሁልጊዜ የአሱር አዛን ሲሰማ ያለችበትን ትታ ትነሣለች። የሱን ነጠላ ጫማ አውጥታ በር ላይ ታስቀምጣለች። ከትምህርት ቤት የሚገባው ያን ጊዜ ነው። እስኪገባ ከዚያ አትነቃነቅም፤ እግሩን ሲከት ወደ ጨዋታዋ ትመለሳለች።"

ያ ጫማ ሁለት ዓመት ሙሉ በር ላይ ሲጠብቀኝ የሰዓዳ ባልትና ነው ብዬ አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቅ ለብሼዋለሁ። ዶክተሯ ወደኔ ዞራ፣ እዚህስ ይህን አድርጋ ታውቃለች ወይ አለችኝ። ስለ ግድግዳው ሰዓት፣ ስለ ረሒማ ጫማ፣ በሩ ላይ ስለጮኸችው ጩኸት ነገርኳት። የማን ጫማ እንደሆነ በደንብ ጠየቀችኝ። የሴት ነው አልኩ፤ ሁልጊዜ የሴቷን ነው የምትመርጠው። ወይዘሮ ጽጌ ያልኩትን በአማርኛ ወደ ስልኩ ደገመችው።

ከዚያ ሰዓዳ "እኔን ነው የምትጠብቀው" አለች። "አንተማ አብረሃት ነህ።"

አለቀስኩ። እዚያ አገር ሰው ፊት የሚያለቅስ ወንድ ብዙ እንዳየሁ አላስታውስም፤ እኛም ጋ እንደዚያው ነው። ዶክተሯ መሀረብ የያዘ ካርቶን ገፋችልኝ። መርፌው ተሠረዘ።

ማክሰኞ ሐያትን ቀኑን ሙሉ በጨዋታ ክፍል ውስጥ አዩዋት፤ ኩባያ ስትደረድር፣ አሻንጉሊቱን ትታ ጎማውን ስታሽከረክር። ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ ኦቲዝም ይባላል አለችኝ። ቃሉን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ከመወለዷ ጀምሮ ያለ ነው፤ በትኩሳት የመጣ አይደለም፣ እናቷ ያጠፋችውም ነገር የለም፤ የሚድን በሽታም አይደለም። ትማራለች፣ በራሷ መንገድና በራሷ ጊዜ። መስማት ለተሳናቸው ትምህርት ቤት አስገብተናት ቢሆን ግን፣ አለች ዶክተሯ፣ የእጅ ምልክት በማታይ ልጅ ፊት አስተማሪዎቿ ዓመታት ይደክሙ ነበር። ደሴ ለዚህ የሚሆን ትምህርት ቤት እንደሌለ ነገርኳት። እንደገመተችው ነገረችኝ፤ ሥዕል ያለባቸው ካርዶች፣ ለሰዓዳ የተጻፈ አሥር ገጽ ምክር ሰጠችኝ። ወረቀቱን ወይዘሮ ጽጌ ወስዳ ወደ አማርኛ ገልብጣ በማግሥቱ ከማል ቤት ድረስ አመጣችልን። ይቅርታዬን ያን ጊዜ ተቀበለችኝ።

ረቡዕ ተሰናበትን። ረሒማ ነጠላ ጫማዋን በላስቲክ ጠቅልላ ሻንጣችን ውስጥ ከተተች፤ ለመንገዱ፣ ቢያስፈልጋት አለች። ከማል መኪናው ውስጥ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሲቀልድ ቆይቶ በሩ ላይ አቅፎኝ ተመለሰ። የቆርቆሮ ሙአዚኑን ሊሰጠኝ ከግድግዳው አውርዶ እንደነበር ደሴ ደርሼ ከሻንጣዬ ሥር ሳገኘው ነው ያወቅኩት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ደሴ ገባን። ሰዓዳ በር ላይ ነበረች። ሐያት አልሮጠችም፣ ቀና ብላም አላየቻት፤ በአጠገቧ አልፋ ቆርኪዎቿ ያሉበት ጥግ ሄደች። ከሁለት ሳምንት በፊት ይህን ባይ ልቤ ይሰበር ነበር። ሰዓዳ ዓይኗን ጠርጋ ምሳ አቀረበች። ወረቀቱን ዘርግቼ ማንበብ ጀመርኩላት፤ "ይህንን አውቀዋለሁ" እያለች ብዙውን አሳለፈችኝ።

እያነበብኩ ሳለ ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። አሱር ነው። ሐያት ተነሣች። የእኔን ነጠላ ጫማ ከአልጋው ሥር አወጣች፤ በር ላይ አስቀመጠችው፤ አፍንጫውን ወደ ውስጥ፣ ሁለቱን አስተካክላ። ከዚያ በሩን እያየች ቆመች። እኔ ከኋላዋ ወንበር ላይ በካልሲ ተቀምጫለሁ። ሰዓዳ አየችኝ።

ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሣሁ። የመንገድ ጫማዬን አጥልቄ፣ ነጠላ ጫማውን ሳልነካ ተሻግሬ ወጣሁ። እስከ ጋሽ ይማም ሱቅ ድረስ ሄድኩና ተመለስኩ። "አሰላሙ አለይኩም" ብዬ ገባሁ፣ ጫማዬን አወለቅኩ፣ እግሬን ባስቀመጠችልኝ ውስጥ ከተትኩ። ሐያት እግሬን አይታ ወደ ቆርኪዎቿ ተመለሰች።